ጋደም ያለው ክምር

የወንድሙ መኪና ከአስፋልቱ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ስትቆም ጭንጫ ቀና ብሎ አላየም። የውስጥ ጎማውን በተቆረጠው በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የምትወጣበትን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። ቀዳዳዋን ካገኛት ቆይቷል። አውራ ጣቱን ጭኖባት፣ አሁንም የሚፈልግ መስሎ ጎማውን ውኃው ውስጥ ያዞራል። ሰው በገዛ ደጁ ሥራ በዝቶበት መታየት አለበት፤ በተለይ የሚመጣው የእናቱ ልጅ ሲሆን።

«ጭንጫ» አለ ወንድሙ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «እማዬን ፀሐይ ላይ ልታስጠብቃት ነው?»

ይህን ስም ያወጣለት እሱ ነው። ልጆች ሳሉ ታናሹ ንባብ አልገባ ብሎት ሲያለቅስ፣ ታላቁ በእንግዶች ፊት «የዚህ ልጅ ጭንቅላት ጭንጫ ነው፤ ብትዘራበትም አይበቅልም» ብሎ ቤቱን አሳቀው። እናት ያወጣችለት ስም እዚያ ሳቅ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ዛሬ ከባድ መኪና የሚነዱት ሁሉ «ጭንጫ ጋ ጎማህን አስለጥፍ» ይባባላሉ፤ ሌላ ስም ይኖረዋል ብሎ የጠየቀ የለም። ስም ያወጣው ሰውዬ ደግሞ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ተራራውን በጠመኔ ያቆማል፣ ወንዙን በጠመኔ ያፈሳል፤ ሲደወል ሁሉንም በዳስተር ጠርጎ ሻይውን ሊጠጣ ይሄዳል።

ጭንጫ እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ጋቢናው ሄደ። እናቱ የታሸገ የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ ይዛው ተቀምጣለች። ፊቷ አንሷል። ባለፈው ካያት ወዲህ የሆነ ሰው መጥቶ ከየጉንጯ ትንሽ ትንሽ ወስዶ የሄደ ይመስላል። ጎንበስ ብሎ ሳማት።

«እንዴት ነሽ እማዬ?»

«አለሁ» አለች። «ሞትም ጎማው ተንፍሶበት መንገድ ላይ ቀርቷል መሰለኝ። አንተ ጋ ከመጣ ቶሎ አትለጥፍለት።»

ሳቀ። ወንድሙ አልሳቀም። ከኋላ ጭነቱ ላይ ዶማና አካፋ፣ በመካከላቸውም በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሣጥን አለ። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ተገልጦ አዲስ ቫርኒሽ ያበራል። ሣጥኑ አጭር ነው። ለአዋቂ ሰው አይሆንም፤ ለአጥንት ብቻ ነው።

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነው። እናትየው በሽታዋ እንደማይለቃት ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ወንድምየው ከተማ ውስጥ የሁለት ሰው መቃብር አሠርቷል፤ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በመካከሉ ቀጭን ግድግዳ ያለው። እሷ ደግሞ «ብቻዬን ሲሚንቶ ውስጥ አልተኛም፤ በቁሜ እያለሁ እሱን አምጡልኝ» ብላለች። ስለዚህ ዛሬ አባታቸው ከተራራው ይወጣል። የት እንደተቀበረ የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ነው።

የጭንጫ ሚስት በትሪ ሻይ ይዛ ወጣች። ወንድምየው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና መልሶ አስቀመጠው። «ጠጥተን ነው የመጣነው» አለ። እሷም ትሪውን እንደያዘች ባሏ አጠገብ ስታልፍ «ዛሬ እንኳ አፍህን ሰብስብ፤ ለእናትህ ስትል» አለችው በሹክሹክታ።

ጭንጫ ጎማ የሚያወልቅበትን ረጅም ብረት አንሥቶ ከሣጥኑ ጎን ሊቀመጥ ወደ ጭነቱ ሲወጣ እናቱ ጠራችው። «ምን ልትሆን እዚያ ትወጣለህ? እኔ ጋ ግባ።»

ወንድሙ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ከኋላው ጋዜጣ አወጣና ጭንጫ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ በጥንቃቄ ዘረጋው። «ቅባት አለብህ» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ጭንጫ ጋዜጣው ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም፤ ከሠርጉ ጋር ያስቀምጠዋል። በወንድሙ ሠርግ ቀን ከሾፌሮቹ ጋር በሩ ሥር አስቀምጠውት፣ ሙሽራው ለአንድ ባልደረባው «የሰፈራችን ልጅ ነው» ሲል በጆሮው ሰምቷል።

*

ያ ተራራ ከአስፋልቱ ላይ ሲያዩት ተራራ አይመስልም። ደረቅ ሜዳው መጨረሻ ላይ እንደተኛ ውሻ አፍንጫውን እግሩ መካከል ቀብሮ የተጋደመ ጥቁር ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይመስላል፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከሥሩ ቆርጦ ያንሳፍፈዋል። ሾፌሮች እያዩት ያልፋሉ እንጂ የሚጠይቅ የለም። ምን ይጠየቃል? ደን የለውም፣ ምንጭ የለውም፤ ጫፍ የሚባል እንኳ የለውም።

ተንኮሉም ያ ነው። ረጅም ተራራ ላይ የጠፋ ሰው ጫፉ ላይ ወጥቶ አገሩን ያያል። እዚህ ግን የሚወጣበት ጫፍ የለም። አንዱን ጀርባ ወጥተው «ከዚህ ማዶ ሜዳው ነው» ሲሉ፣ ማዶ ያው ቁመት፣ ያው ጥቁረት ያለው ሌላ ጀርባ ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ጠጠር የሞላበት ደረቅ ቦይ አለ፤ ቦዩ ውስጥ አንድ ሁለት ግራር። ያንን ሲሻገሩ ሌላ ጀርባ፣ ሌላ ቦይ፣ ሌላ ግራር። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል። አንዱ ከሌላው በክንድ እንኳ አይበልጥም፤ ስለዚህ አንዱ ላይ ቆሞ ሌላውን አሻግሮ ማየት አይቻልም። ሰው የሚሞትበት ከፍታው አይደለም፣ ዝቅታው ነው።

አባታቸው የውኃ ቦቴ ሾፌር ነበር። አስፋልቱ ገና ሲቀየስ ለመንገድ ሠራተኞች ውኃ ያመላልስ ነበር። ቦቴው የማይገባበት ቦይ ውስጥ ደግሞ በርሜል ያኖርላቸዋል። በርሜሉን ያጋድምና፣ ፀሐይ እንዳያፈላው አላፊ አግዳሚም እንዳያፈስሰው ድንጋይ ይከምርበታል። አንድ ቀን ከተራራው በስተጀርባ ቦቴው ተበላሸ። የውኃ መኪና ይሁን እንጂ አንድ ጠብታ ውኃ እንኳ ታንከሩ ውስጥ አልነበረም፤ አራግፎ እየተመለሰ ነው። የመንገድ ሠራተኞቹን ካምፕ ጭስ ሳያይ አልቀረም፣ ወይም ያየ መስሎታል። በእግሩ ተነሣ።

ሲያገኙት ከሞተ ሰንብቶ ነበር። በዚያ ሙቀት የሚጓጓዝ አልነበረም፤ በወደቀበት ቦታ ድንጋይ ተከመረበት። እናትየው አራስ ነበረች፤ የታቀፈችውም ሕፃን ብዙ ሳይቆይ አባቱን ተከተለ። ታላቁ ልጅ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፣ የፈተና ሰሞን፤ «ልጁ ይፈተን፣ አትንገሩት» ተባለ። ስለዚህ በካምፑ መኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ፣ በሰዎች እግር መካከል አጮልቆ የአባቱን ቀብር ያየው ታናሹ ብቻ ነው። ታላቁ የሰማው ፈተናውን ጨርሶ በደስታ ወደ ቤት ሲገባ ነበር። ለዚህም እስከ ዛሬ ማንንም ይቅር አላለም፤ የበደለው ታናሽ ወንድሙ ይመስል።

ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ውስጥ ለሁሉም ድርሻ ድርሻው ደረሰው። ታላቁ ትምህርቱ፣ ታናሹ ደግሞ ትምህርቱን ትቶ ሥራ። ታላቁ የእናቱን ጆሮ አገኘ፣ ታናሹ የመኪና ቅባት። ነገር ግን የአባት ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ ሁሉም ዝም ብሎ ወደ ጭንጫ የሚዞርባት አንዲት ሰዓት አለች። «እሱ ያውቃል» ትላለች እናት። ያቺን ሰዓት ለመንግሥት ሹመት አይለውጣትም።

እውነቱ ምን እንደሆነ እሱ ብቻ ያውቃል። ሰው ከሆነ በኋላ ሊያየው ሲመጣ ቦታው ጠፋበት። ከልጅነቱ የቀረለት ጥቁር ጀርባ፣ ጠጠር፣ አንድ ግራርና የሰዎች እግር ነው፤ ጥቁር ጀርባና ግራር ደግሞ በየቦዩ ሞልቷል። ሁለት በጋ ፈለገ። በመጨረሻ አንድ ቦይ ውስጥ፣ ግራሩ ጥላውን በሚጥልበት በኩል፣ የሰው ቁመት ያህል ጋደም ያለ የድንጋይ ክምር አገኘ። እጅ ያረፈበት ክምር ነው፤ ጎርፍ ያመጣው አይደለም። ፊቱ ቆሞ ብዙ አየውና «ይኸው» አለ፤ ጮክ ብሎ። ያን ያለው ለማን እንደሆነ አያውቅም። በዚያው ወር አስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ አቁሞ ጎማ መለጠፍ ጀመረ። ዘመድ «ምን ልትሆን እዚያ በረሃ ተቀመጥክ?» ሲለው «አባቴን ልጠብቅ» ይላል፤ ጠያቂውም አፍሮ ይሄዳል። በየዓመቱ ድንጋዩን በኖራ ይቀባል። አንድ ቀን ብቻ ከእግርጌ በኩል አንድ ድንጋይ አንሥቶ ነበር። ሥሩን ሳያይ በቦታው መለሰው። ለአባት ክብር ነው ብሎ ለራሱ ነገረው።

*

«በትክክለኛ አነጋገር ይኼ ተራራ አይባልም» አለ ወንድሙ፤ መኪናዋ ሜዳውን አቋርጣ ጠጠሩን እየረገጠች። «ከሥሩ እስከ አናቱ ብትለካው ለተራራ አይበቃም። ዝቅተኛ የኮረብታ ሰንሰለት ነው። ነፋስና ደራሽ ውኃ ልጦ ልጦ የጨረሰው፣ ያረጀ።»

«ለተማሪዎችህ እንደሱ ነው የምትላቸው?»

«መጽሐፉ የሚለውን ነው የምላቸው።»

«አባቴን የገደለው ኮረብታ ነው በላቸው እንግዲህ። ተራራ ቢሆን ደግሞ ክብር ነበረው።»

ወንድሙ ማርሹን በኃይል ቀየረ። «አንተ አፍህ እንጂ ሌላው ነገርህ አላደገም።»

«ሌላው ነገሬማ ያንተን መጽሐፍ ሲገዛ ቀረ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሁለታችሁም» አለች እናት ዐይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ «ኮረብታም ሆነ ተራራ ሰውየው እዚያ ነው ያለው። ዝም በሉ።»

ሁለቱም ወደ መንገዱ ዞሩ። እሷ ግን ለራሷ እንደምትናገር ጀመረች። «ልብሱ አይነጻልኝም ነበር። ነጭ ቀለም ነው ሁሌ። በርሜል ባስቀመጠ ቁጥር መዳፉን ቀለም ነክሮ ያትምበታል። ‹የኔ መሆኑን እንዲያውቁት ነው› ይለኛል። ‹ማን ይሰርቅሃል በዚያ ገሃነም?› እለዋለሁ። ያቺ የመኪና ማንሻው ክሪክ የቆረጠበት ጣቱ ሳትቀር ጉርድ ብላ ትታተማለች። መጋረጃዬ ላይ ሳይቀር አትሞልኛል አንድ ቀን፤ ሲያሾፍ።» ፈገግ አለች። «በቁጣ ገደልኩት ያን ቀን።»

ጭንጫ በመስኮቱ ያያል። እስከ ትናንት ድረስ ከክምሩ ሥር ያለው አባቱ ነው፤ ቢሆንም ባይሆንም አባቱ ነበር፤ የሚከፍተው አልነበረምና። ዛሬ ዶማ ተጭኖ መጥቷል። ጎርፍ ወሰደው ሊላቸው ይችላል። ጅብ አወጣው ሊል ይችላል። ወደ ሌላ ቦይ ወስዷቸው፣ በፀሐይ አዙሯቸው፣ እናቱ ሲደክማት ይመለሱ ነበር። ያንን ሁሉ አስቦ ነበር። ነገር ግን ወንድሙ አንድ ጊዜ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ኖራ የተቀባውን ክምር አይቶታል፤ ነጭ ነገር ደግሞ አይደበቅም። ኖራውን የቀባው በገዛ እጁ ነው።

ምናልባት ይኖራል፣ አለ በልቡ። የሰው ቁመት ነው ያለው። ሌላ ምን ይሆናል?

ድንጋዩ ሲበዛ መኪናዋ ቆመች። እናትየውን በግራና በቀኝ ይዘው ቦዩን ገቡ። አየሩ አይንቀሳቀስም። የጥቁሩ ድንጋይ ፊት በዘይት የታሸ ይመስል ያንፀባርቃል፤ ሙቀቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም፣ ከሥርም ይመጣል። እናት በየጥቂት እርምጃው ትቆማለች። በቆመች ቁጥር ሁለቱ ወንድማማቾች ከአናቷ በላይ እየተያዩ ይቆማሉ፤ ሲተያዩም ዐይናቸውን ያሸሻሉ። ጠርሙሱን እንዲይዝላት ወንድምየው ለመናት። አልሰጠችውም።

ክምሩ እንደ ሁልጊዜው ግራሩ ሥር ተጋድሟል። በዚያ ሁሉ ጥቁር መካከል የእሱ ነጭነት ያሳፍራል፤ የሆነ ነገር ለመሸፈን የተደረገ ይመስላል። ጭንጫ ዛሬ ገና እንዲህ መሰለው።

«በየት በኩል ነው ራሱ?» አለ ወንድሙ።

«በዚህ» አለ ጭንጫ ወዲያው። ይህን ከወሰነ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

እናት ብቻዋን ጠጋ አለች። ድንጋዩ ዳር ተቀመጠችና የጠርሙሱን ክዳን ስትታገል ቆየች። ሁለቱም ሊረዷት ሲንቀሳቀሱ በእጇ ከለከለቻቸው። ስትከፍተው ውኃውን ጭንጫ ራስጌ ባለው በኩል ቀስ ብላ አፈሰሰችው፤ አንድም ሳታስቀር፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።

«ጠምቶህ ነው የሄድከው» አለች። «ይኸው። ዘገየሁ።»

ኖራው ለአፍታ ጠቆረ። ከዚያ ድንጋዩ ውኃውን ጠጥቶ፣ እያዩት መልሶ ነጣ።

ወንድሙ ኮቱን አወለቀ። አጣጥፎ ግራሩ ላይ ሰቀለው፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። እንደ ልጅነቱ ነው የሚሰበስበው፣ ቀኙን አስቀድሞ። የመጀመሪያውን ድንጋይ አንሥቶ በጥንቃቄ ወደ ጎን አስቀመጠ።

«ና እንጂ።»

ጭንጫ ብረቱን ተደግፎ ቆሟል። «አባቴን ስቀብር ነበርኩ። ስታወጣው አንተ አውጣው። ተራህ ነው።»

«ያኔ ማን ከለከለኝ?» ወንድሙ ሌላ ድንጋይ እንደያዘ ቀና አለ። ፊቱ ቀልቷል። «ማን ነው የደበቀኝ? አንተ ቆመህ ስታየው፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ የወንዝ ስም እጽፍ ነበር። በየዓመቱ ‹እሱ ያውቃል፣ እሱ ያውቃል› ሲባል እሰማለሁ። ስለ ገዛ አባቴ አንተን ነው የማስፈቅደው።»

ጭንጫ ብረቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ይህን ሰውዬ በዚህ በኩል አይቶት አያውቅም። ደስ የሚለው ይመስለው ነበር፤ አላለውም።

ድንጋዩ አንድ በአንድ ተነሣ። ወንድሙ መጀመሪያ በሁለት እጁ ያስቀምጥ የነበረውን፣ ቆይቶ ይወረውር ጀመር። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ከዚያ የእጁን ሰዓት አውልቆ ኪሱ ከተተና፣ ታችኛውን ትልቅ ድንጋይ ጎትቶ ሲለቀው ከሥር ኳ የሚል ድምፅ መጣ።

አጥንት እንዲህ አይጮኽም። ሦስቱም ያንን አወቁ።

ወንድሙ ጠጠሩን በመዳፉ ጠረገ። ሰማያዊ ቀለም ታየ፤ ቀለሙ ተልጦ ዝገት የበላው፣ ክብ፣ ጋደም ያለ ብረት። ሌላ ጠረገ። ከዚያ ሳቀ። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ሳቅ ከተባለ።

«በርሜል» አለ። «በርሜል ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት በርሜል ነው የጠበቅከው፤ ኖራ እየቀባህ። ልጆቼን ከከተማ አምጥቼ፣ ባርኔጣቸውን አስወልቄ፣ በርሜል ፊት ነው ያሰለፍኳቸው። ትንሿ አልቅሳለታለች እኮ፤ ለበርሜል።»

ጭንጫ ብረቱን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ያዘጋጀው ውሸት ሁሉ ለአጥንት መጥፋት ነው፤ ለዚህ አንድም አላዘጋጀም። የተሰማው ኀፍረት እንኳ አልነበረም። ቆርቆሮው ቤት፣ ጎማው፣ ሚስቱ ትሪ ይዛ፣ ዘመድ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደተነፈሰ ጎማ ሥሩ ላይ ተቀመጠ።

«ዞር በሉ» አለች እናት።

በጉልበቷ ተንፏቅቃ ቀረበች። በእጇ የቀረውን አፈር ቀስ ብላ ገፋችው፤ የልጅ ፊት እንደምትጠርግ። ሰማያዊው ላይ ነጭ መዳፍ ታትሟል። ጠርዙ ተሸርፏል እንጂ አልጠፋም። አውራ ጣቱ፣ ጠቋሚው፣ መሐሉ፣ ከዚያ አንዷ ጉርድ ብላ የቀረች፣ ከዚያ ትንሿ። እናት የራሷን እጅ አላስቀመጠችበትም። ጉርዷን ጣት ብቻ በጣቷ ጫፍ ነካች።

«የሱ ነው» አለች። «ራሱ ነው የደበቀው። የት እንዳስቀመጠው ያውቃል።» ቀና ብላ ጀርባዎቹን አየች፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። «ወደዚህ ነበር የሚመጣው።»

አንድ ድንጋይ ከላይ ተንሸራቶ ወረደና ቆመ።

«አልደረሰም እንጂ» አለች።

ወንድሙ ወደ ጭንጫ ዞረ። ድምፁ ቀንሷል፤ ሲቀንስ ደግሞ ከበፊቱ የከፋ ነው። «እንግዲያው ቅርብ ነው። አንተ ቆመህ አይተሃል። የት ነው?»

ጭንጫ የወንድሙን ክንድ አየ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በድንጋይ የተጫጫረ። ጋዜጣው ትዝ አለው። የተጣጠፈው ኮት። «የሰፈራችን ልጅ ነው።» ምላሱ ላይ «አላውቅም» የሚል ቃል ነበረ፤ የወጣው ግን ይኼኛው ነው።

«ኮረብታ ነው ብለሃል አይደለም እንዴ? ያውም ዝቅተኛ። ፈልገው።»

የወንድሙ ፊት ላይ ምንም አልተለወጠም። አንገቱን ነቀነቀ፤ ተማሪ የጠበቀውን ስህተት ሲመልስለት እንደሚነቀንቅ። ከዚያ ዘወር ብሎ በቅርቡ ያለውን ጀርባ ይወጣ ጀመር። የከተማ ጫማው ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል፤ በእጁ እየቧጠጠ ይወጣል። ኮቱ ግራሩ ላይ ቀረ። አናቱ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቆሞ ማዶውን አየ። ማዶ ምን እንዳየ ጭንጫ ያውቃል። ከዚያ ወንድሙ ወረደ፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ሸሚዙ፣ ከዚያ ራሱ ጠፋ።

«ውኃ ይዟል?» አለች እናት።

«መኪናው ውስጥ ነው ያለው።»

መኪናው ሩቅ ነው፤ በሌላ አቅጣጫ። እናት ባዶ ጠርሙሷን አየች። ሂድ አላለችውም፤ ተወው አላለችውም። እንዲሁ አየችው፤ ንባብ አልገባው ብሎ ሲያለቅስ ታየው በነበረው ዐይን፤ ሳትስቅ።

ጭንጫ ተንበረከከ። በርሜሉን በትከሻው ገፋ ሲያደርገው ውስጡ የሆነ ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ የተኛ ሰው እንደሚገላበጥ። ክዳኑ ከዝገቱ ጋር አንድ ሆኗል። የብረቱን ጫፍ በክዳኑ ጠርዝ ሥር አስገብቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። አልላላም። ደገመው። በሦስተኛው አንድ ነገር ተሰበረና በርሜሉ ተነፈሰ፤ ፊሽሽ፣ ረጅምና ቀጭን፤ በየቀኑ ጎማ ሲፈታ የሚሰማው ድምፅ። የወጣው አየር የአባቱ ዘመን አየር ነው። ከዚያ ውኃው መጣ፤ መጀመሪያ ጥቁር ቀይ፣ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ፣ ለብ ያለ።

እናት ጠርሙሷን ዘረጋች። እስኪሞላ ያዘችለት።

«ዝገት ነው» አላት።

«ውኃ ነው» አለች።

ጠርሙሱን ይዞ ጀርባው ላይ ወጣ። ማዶ ሌላ ጀርባ አለ፤ ከሥሩ ቦይ፤ ቦዩ ውስጥ ግራር። ሰው የለም። በቀኝም ያው ነው፣ በግራም ያው። ጠጠሩ ላይ የከተማ ጫማ የተንሸራተተበት ምልክት ታች ድረስ ይወርድና፣ ድንጋዩ ሲጀምር ይጠፋል። ከኋላው እናቱ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከላይ ሲያያት አንድ ተጨማሪ ድንጋይ ትመስላለች።

«ወንድም ጋሼ!» ብሎ ጠራ።

ድምፁ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ሄዶ ተመለሰ፤ ደግሞ ከሌላው፣ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ካለው። ሁሉም እኩል ቁመት አላቸውና ሁሉም እኩል መለሱለት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ወደ መጨረሻው ላይ የመጣው፣ የራሱ ድምፅ ያልሆነ መሰለው። ከየትኛው ቦይ እንደመጣ ለመለየት ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ፀሐዩ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ቀዩን ውኃ አበራው።

ጠርሙሱን ብብቱ ሥር ሸጎጠና መውረድ ጀመረ።